ወደ ነጃሺው ከመሮጥሽ በፊት

ልጄ፣ በዕረፍት ቀንሽ ከጓደኞችሽ ጋር ቁሰይር አምራን ልታዪ ማሰብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። በዮርዳኖሷ አማን ስንት ዓመት ሠርተው ከአሠሪ ቤትና ከገበያ በቀር ምንም ሳያዩ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ልጆች አሉን። አንቺ ግን በስልክ የደረሰሽን አንድ ፎቶ ይዘሽ "እውነት የአክሱም ንጉሥ እዚያ ግድግዳ ላይ አለ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። አለ። ከአማን በስተ ምሥራቅ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በበረሃ መካከል፣ 1,300 ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው የእስላም ዘመን መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በራሱ ላይ "ነጃሺ" ተብሎ የተጻፈለት ሰው ከሌሎች ነገሥታት ጋር ቆሟል።

ስለዚህ ሂጂ። ግን የእኛ ሰው እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ በአማን በኖርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ አይቻለሁ። ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ወደዚያ ግድግዳ ይሮጣል፣ የደበዘዘ ቀለም ያያል፣ ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። ቅር ብሎት ይመለሳል፤ ንጉሡንም ቤቱንም ሳያይ። አንቺ እንደዚያ እንድትመለሺ አልፈልግም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. የማን ቤት እንደሆነ ሳታውቂ አትግቢ።

ቤቱን ያሠራው ወሊድ ኢብን የዚድ የሚባል የኡመውያ ልዑል ነው። ኡመውያዎች ከ661 እስከ 750 በደማስቆ ተቀምጠው ከስፔን እስከ መካከለኛው እስያ የገዙ ናቸው። የወሊድ አባት ኸሊፋ የዚድ በ724 ሲሞት ልጁ ገና ለጋ ነበርና ሥልጣኑ ለአጎቱ ለሂሻም ተላለፈ፤ ወሊድ አልጋ ወራሽ ተባለ። ሂሻም ግን ዕድሜ ሰጠውና ወሊድ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተራውን ጠበቀ። ከአጎቱ ጋር ስላልተዋደደ ከቤተ መንግሥቱ ርቆ በበረሃ በአደን፣ በዘፈንና በመጠጥ ኖረ። ግጥምም ይገጥም ነበር፤ በዐረብኛ ሥነ ግጥም ታሪክ ስሙ ዛሬም ይነሣል። በ743 ነገሠ። በ744 የአጎቱ ልጅ አመፀበትና ተገደለ።

የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ተከራክረውበታል። በ2012 የጥገና ባለሙያዎች ግድግዳውን ሲያጸዱ ለወሊድ ኢብን የዚድ የሚጸልይ የዐረብኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። ኸሊፋ የሚል ማዕረግ የለበትም፤ ስለዚህ ቤቱ የተሠራው ከመንገሡ በፊት ነው። ይህችን ነገር በልብሽ ያዣት። ግድግዳው ላይ የምታዪውን ሁሉ ያሣለው ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይሆን ዙፋን የሚጠብቅ ሰው ነው። ሥዕሉን የምትረጂው በዚህ በኩል ነው።

2. ስለ መንገዱ አጭር ነገር ልበልሽ።

በር ላይ የሚያወርድ የሕዝብ አውቶቡስ የለም። አራት አምስት ሆናችሁ መኪና ተኮናተሩ፤ ዋጋውን የደርሶ መልስ፣ የመጠበቂያውን ጊዜ ጨምራችሁ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። መንገዱ ወደ አዝራቅ የሚወስደው ነው። ኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ያዢ፣ ምክንያቱም ያ መንገድ ወደ ድንበር የሚሄድ ስለሆነ ፖሊስ መንገድ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። በሙቀቱ ወራት በጠዋት ተነሡ፤ ከቀትር በኋላ ያለው ሙቀት አያስቆምም። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ የበረሃው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። ውኃ ያዙ።

3. ከበሩ በፊት ውጭውን ዙሪ።

ቤቱ ትንሽ ነው። "የበረሃ ቤተ መንግሥት" ሲሉሽ ግንብና ዘብ ጠብቀሽ ከሄድሽ ትደነግጫለሽ። ጎን ለጎን የተሰለፉ ሦስት ጎባጣ ጣሪያዎችና በአንድ ወገን አንዲት ትንሽ ጉልላት፣ ይኸው ነው። ዝናብ በጣለ ጊዜ ጎርፍ በሚወርድበት፣ በቀረው ጊዜ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ዳር ተቀምጧል። ያገሬው ሰው ቡጡም የሚላቸው ዛፎች በሸለቆው ውስጥ አሉ።

መጀመሪያ ጉድጓዱ ዘንድ ሂጂ። በአጠገቡ ክብ መሬት ታያለሽ፤ እንስሳው ቀኑን ሙሉ እየዞረ ውኃውን የሚያወጣበት ቦታ ነው። የወጣው ውኃ ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል፣ ከማጠራቀሚያው ወደ መታጠቢያው ይወርዳል። ከዚያ ዙሪና ወደ ምሥራቁ ወገን፣ ከጉልላቱ ኋላ ሂጂ። ምድጃው እዚያ ነበር። ማገዶው የሚከመረውም፣ እሳት የሚያነደው ሰው የሚቀመጠውም እዚያ ነው። ልዑሉና እንግዶቹ በሰሜን በኩል በታላቁ በር ይገቡ ነበር፤ እሳት አንዳጁ ግን ከጀርባ ነው። ሁለቱ ምናልባት ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

ይህን አስቀድመሽ እንድታዪ የምመክርሽ ያለ ነገር አይደለም። ውስጥ የምታዪው ሥዕልና ምቾት ሁሉ የቆመው በዚህ ጉድጓድና በዚህ ምድጃ ነው። ጠብታ ውኃ በሚናፈቅበት አገር፣ ሙቅ ውኃ በወለል ላይ እንደልብ የሚያፈስ ሰው ሀብቱንና ሥልጣኑን ሳይናገር ተናገረ ማለት ነው። የወሊድ እንግዶች ከሩቅ ግመላቸውን ጭነው ሲመጡ ያስደነቃቸው ከሥዕሉ ይልቅ እንፋሎቱ ይመስለኛል።

4. ስትገቢ ቁሚ።

ከውጭው ብርሃን ስትገቢ አዳራሹ ይጨልምብሻል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ዓይንሽ እስኪለምድ ዝም ብለሽ ቁሚ፤ ቀለሞቹ ቀስ በቀስ ይወጣሉ፣ መጀመሪያ ሰማያዊው፣ ከዚያ ቀዩ አፈር የመሰለው። ፊትሽ ደቡብ ነው፤ በዚያ በኩል ዙፋን የሚዘረጋበት ጎድጓዳ ክፍል አለ፣ በውስጡም ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ተሥሏል። በስተቀኝሽ ምዕራብ ነው፤ ነጃሺ ያለው በዚያ ግድግዳ ጫፍ ነው። አንቺ ግን ወደ ግራ ታጠፊ።

5. ግራውን ስትይዢ ቀና በዪና ሠራተኞቹን እያቸው።

በምሥራቁ ጎባጣ ጣሪያ ላይ 30 ያህል ትንንሽ ባለ አራት ማዕዘን ሥዕሎች ተደርድረዋል። ሁሉም የሥራ ሥዕሎች ናቸው። ድንጋይ የሚጠርብ አለ፣ እንጨት የሚሰነጥቅና የሚልግ አለ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ አለ፣ ለግንባታው ዕቃ የተጫነ ግመል አለ። ቤት እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታያለሽ። ከዚህ በፊት በነበሩትም ሆነ በኋላ በመጡት ዘመናት፣ ልዑል ባሠራው ቤት ጣሪያ ላይ የግንበኛና የአናጢ ሥዕል ይህን ያህል ቦታ ሲያገኝ ብዙ አይታይም።

እዚህ ቆዪ። አንዱን ብቻ ምረጪና በደንብ ተመልከቺው፤ ለምሳሌ መሣሪያውን ይዞ ጎንበስ ያለውን። ጀርባው እንዴት እንደታጠፈ፣ ክንዱ እንዴት እንደተወጠረ አስተውዪ። ሠዓሊው ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበር። አንቺና ጓደኞችሽ ከማለዳ እስከ ማታ ቆማችሁ የምትሠሩ ስለሆናችሁ ያንን ጀርባ ከብዙ ጎብኚ ይልቅ እናንተ ትረዱታላችሁ። እኔ በዚህ ቤት ከምወዳቸው ሥዕሎች ሁሉ እነዚህ ይበልጡብኛል፤ ከነገሥታቱም ጭምር።

6. መታጠቢያውን በእግርሽ ተከተዪ።

ከአዳራሹ በምሥራቅ በኩል በትንሽ በር ወደ መታጠቢያው ይገባል። ሦስት ክፍል ነው፤ ልብስ የሚወልቅበት፣ ለብ ያለው፣ ሙቁ። ይህ አሠራር ከሮማውያን የመጣ ነው። ሮማውያን ግን ትልልቅ ቀዝቃዛ ክፍልና የመዋኛ ገንዳ ነበራቸው፤ በእስላሙ ዘመን ያ እየጠበበ ሄዶ እንፋሎቱና በላይ የሚፈስሰው ውኃ ዋናው ነገር ሆነ። በኋላ በደማስቆ፣ በካይሮ፣ በስፔኗ ግራናዳ የተሠሩት ሐማሞች ሁሉ ከዚሁ ዘር ናቸው። አንቺ የምታዪው ይህ ልማድ ገና ሲጀመር የነበረውን መልክ ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ጣሪያ ላይ ሰያፍ መረብ ተሥሎ በየዓይኑ ውስጥ እንስሳትና ሰዎች ገብተዋል። ድቡን ፈልጊው። ተቀምጦ ባለ አውታር መሣሪያ ይጫወታል፣ አንድ ዝንጀሮ ደግሞ ያጅበዋል። ልጆች ይዞ የሄደ ሰው ካለ ድቡን ሳያሳያቸው እንዳይወጣ። በጣሪያው አናት ላይ ደግሞ ሦስት ፊቶች አሉ፤ አንዱ ወጣት፣ አንዱ ጎልማሳ፣ አንዱ ሽማግሌ። ልብሱን የሚያወልቅ ሰው ሽቅብ ሲያይ ዕድሜውን ያገኛል። አንቺ የመጀመሪያውን ታያለሽ፣ እኔ ሦስተኛውን ሳየው ቆየሁ።

በሁለተኛው ክፍል ሴቶች ልጅ ሲያጥቡ ታያለሽ። አንዷ ባልዲ ይዛለች። ዘውድም አደንም የለም፣ ልጅ ማጠብ ብቻ ነው። ይህንን ሥዕል ያየ ሰው ይህ ቤት የወንዶች ዓለም ብቻ ነበር ለማለት ይቸግረዋል።

በእነዚህ ሁለት ሙቅ ክፍሎች ውስጥ ስትቆሚ ሐሳብሽን ወደ ውጭው ምድጃ መልሺው። ወለሉ በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ የተነሣ ነበር፣ ከሥሩ ባዶ ነው። የእሳቱ ትኩስ አየር በዚያ ባዶ ቦታ እየሄደ ወለሉን እንደ ምጣድ ከሥሩ ያግለዋል፤ ከዚያ በግድግዳው ውስጥ በተቀበሩ የሸክላ ቱቦዎች ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ክፍሉ ከታችም ከጎንም ይሞቃል፤ ጭሱ ግን የሚታጠበውን ሰው አይነካውም። ውኃ ሲፈስስበት ወለሉ እንፋሎት ይሰጣል። በባዶ እግር አይረገጥም ነበር፤ በሐማም ውስጥ ሰው የእንጨት ጫማ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

በመጨረሻው፣ በሙቁ ክፍል፣ መሀሉ ላይ ቁሚና ሽቅብ እዪ። ጉልላቱ ሰማይ ነው። በአውደ ነገሥት አቅራብ፣ ቀውስ እያልን የምናውቃቸው ከዋክብት ከነሥዕላቸው ተሠርተዋል፤ ቀስቱን የገተረው ዛሬም በደንብ ይለያል፣ ትልቁና ትንሹ ድብም አሉ። በጉልላት ላይ ከተሣሉት የሌሊት ሰማይ ሥዕሎች መካከል እስከ ዛሬ ከቆዩት ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው ይላሉ የሥነ ፈለክ ታሪክ ጸሐፊዎች። አንድ ነገር ግን አስተውዪ። ሥዕሉ ከምድር ሆነን ሰማዩን የምናይበት አይደለም፤ ቀኝና ግራው ተገላብጧል። ሠዓሊው ከክብ የሰማይ ሞዴል ወይም ከእሱ ከተቀዳ ንድፍ ሳይገለብጠው አልቀረም፤ እንዲህ ባለው ሞዴል ላይ ሰው ከዋክብቱን ከውጭ ሆኖ ነውና የሚያያቸው። ስለዚህ ወሊድ በእንፋሎት ውስጥ ተቀምጦ ሲያንጋጥጥ ያይ የነበረው ከሰማይ ባሻገር ሆነው የሚያዩትን ሰማይ ነው።

7. ራቁት ሥዕል ስታዪ አትደንግጪ፣ ክርክርም አትክፈቺ።

በአዳራሹ ውስጥ ስትታጠብ የምትታይ ሴት አለች፣ የሚጨፍሩም አሉ። "እስልምና ሥዕል አይፈቅድም አልነበር እንዴ?" የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ ይህ መስጊድ አይደለም። እነዚሁ ኡመውያዎች በ692 ገደማ በኢየሩሳሌም ያቆሙትን የዓለት ጉልላት፣ ከ705 እስከ 715 በደማስቆ ያሠሩትን ታላቁን መስጊድ ብታዪ፣ በወርቅ ሞዛይክ የተሠራ ዛፍና ሕንጻ እንጂ የሰው ምስል አታገኚም። ለጸሎት ቤት ያልፈቀዱትን ለመኖሪያቸውና ለመዝናኛቸው ፈቅደዋል። ሙስሊም ጓደኞችሽን በዚህ ነገር የሚነካ ቃል አንዳችሁም እንዳታወጡ። ይልቅ ወደ ነጃሺ ስትደርሱ እነሱ ያስተምሯችሁ፤ ታሪኩን በትግራይ ካለችው ከነጋሽ ጀምረው ያውቁታል።

8. አሁን ወደ ነገሥታቱ ሂጂ።

ወደ አዳራሹ ተመለሺ፣ ወደ ምዕራቡ ግድግዳ፣ ወደ ደቡቡ ጫፍ። ስድስት ሰዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ሦስቱ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላ። በማዕረግ ልብስ ተውበው፣ እጃቸውን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ዘርግተዋል። በራሳቸው ላይ በግሪክኛና በዐረብኛ ስማቸው ተጽፎ ነበር። ዛሬ የሚታወቁት የአራቱ ነው። ከግራ ስትቆጥሪ የመጀመሪያው ቄሳር ነው፣ የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት። ሁለተኛው ሮድሪክ፣ ዐረቦች በ711 ወደ ስፔን ሲሻገሩ የተሸነፈው የጎቶች ንጉሥ። ሦስተኛው ኪስራ፣ የፋርሱ። አራተኛው ነጃሺ፣ የእኛው የአክሱሙ። የቀሩትን ሁለቱን አንዳንዱ ሊቅ የቻይናና የቱርክ ገዥዎች ናቸው ይላል፣ ሌላው የህንድ ንጉሥ ይጨምራል።

ፊቱን አታዪውም፤ ጠፍቷል። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ እዚያ ስትደርሺ ልብሽ እንዳይሰበር ነው። የምታዪው የልብስ መስመር፣ የቀለም ቅሪት፣ የቆመ ሰው ቁመና ነው። በዚያ ላይ ይህ የማንም የአክሱም ንጉሥ መልክ አይደለም። ሠዓሊው አክሱምን አላየም። ከአራቱ መካከል በራሱ ስም የተጻፈው ሮድሪክ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ነው የተጠሩት። የአክሱምን ነገሥታት መልክ የሚፈልግ ሰው በሁለት የስንዴ ዛላ መካከል የተቀረጹበትን የወርቅ ሳንቲማቸውን ይመልከት። ያም ቢሆን በወሊድ ዘመን መታተሙ ካቆመ ቆይቷል።

ታዲያ ለምን ተሣለ? ብዙዎች "እስልምና ያሸነፋቸው ነገሥታት ናቸው" ይሉሻል፤ አስጎብኚም እንዲህ ሊልሽ ይችላል። እኔ አልቀበለውም፤ ምክንያቴንም ልንገርሽ። ሮድሪክ ተሸንፏል፣ እውነት ነው። የፋርሱም ሥርወ መንግሥት በ651 አልቋል። ቄሳር ግን አልተሸነፈም፤ ኡመውያዎች በ717 እና በ718 ቁስጥንጥንያን ከብበው ሳይሆንላቸው ተመልሰዋል። አክሱምም በኡመውያ ሠራዊት አልተያዘም። የተሸናፊዎች ዝርዝር ቢሆን ኖሮ ግማሹ ስሕተት ይሆናል ማለት ነው። ኦሌግ ግራባር የተባለው የእስላማዊ ሥነ ጥበብ ሊቅ ከብዙ ዓመታት በፊት ሌላ ንባብ አቅርቧል፤ እነዚህ የዓለም ነገሥታት ቤተሰብ ናቸው፣ የኡመውያው ልዑልም የእነሱ ተርታ ሰውና ወራሽ ሆኖ ራሱን ያቀርባል የሚል ነው። አልጋ ለሚጠብቅ ሰው ቤት የሚስማማው ይህ ነው። ዙፋኑን ገና ያላገኘ ሰው ምርኮኛ ከመደርደር ይልቅ ዘመድና አቻ መፈለጉ ይበልጥ የሰው ባሕርይ ነው። እንዲያውም ወሊድን የጣለው የአጎቱ ልጅ፣ ሦስተኛው የዚድ፣ ከኪስራና ከቄሳር ዘር ነኝ እያለ ይኩራራ እንደነበር ተጽፏል።

በእኛ በኩል ደግሞ የሚጨመር ነገር አለ፤ በጽሑፍ ጎልቶ ሲነሣ ብዙ አላየሁም። ነጃሺ ለኡመውያዎች የሩቅ ወሬ አልነበረም። በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው አክሱም ከተጠለሉት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መካከል ኋላ ሦስተኛው ኸሊፋ የሆነው ዑስማን ኢብን ዐፋን ነበረ፤ ዑስማን ኡመውያ ነው። ኡሙ ሐቢባም ነበረች፤ የአቡ ሱፍያን ልጅ፣ የደማስቆውን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው የሙዓውያ እህት። የሙስሊሞች ታሪክ እንደሚለው ነቢዩ ሙሐመድ እሷን በአክሱም ሳለች ሲያጩ የጋብቻውን ጉዳይ የፈጸመውና ጥሎሹን የሰጠው ራሱ ነጃሺ ነው። እንግዲህ ወሊድ ሲያድግ የሰማው ነጃሺ የራሱ ዘመዶች ስደተኛ ሆነው የበሉበትና የከበሩበት ቤት ጌታ ነው። እኔ እዚያ ግድግዳ ፊት ስቆም የሚሰማኝ ይህ ነው። ከኃያላኑ ተርታ ያቆመው ጦሩ ብቻ አይደለም፤ እንግዳ መቀበሉ ስም አውጥቶለታል። አንቺም የሰው አገር ሰው ሆነሽ እዚያ ትቆሚያለሽ፤ ስደተኛ ተቀብሎ በማክበሩ ስሙ ከትግራይ ኮረብታ እስከ ዮርዳኖስ በረሃ የደረሰውን ሰው ታዪዋለሽ።

እዚያ ላይ የፈለግሽውን ያህል ቆዪ። ጓደኞችሽ ቢቸኩሉም ቆዪ።

9. እጅሽን ከግድግዳው አርቂ።

ቀለሙ የተሣለው በልስን ላይ ነው፤ ላብና ቅባት ይጎዳዋል። ፍላሽ አታብሩ፣ ቦርሳ በግድግዳ አታሻሹ፣ ስም አትጻፉ። በየዘመኑ ያለፈ መንገደኛ ስሙን ፍቆበታል፤ ውስጥ ያደረ እረኛም እሳት አንድዶ አጥቁሮታል። ከመንገደኛው ይልቅ ግን የተማረው ሰው የበለጠ የጎዳበት ጊዜ አለ። አሎይስ ሙሲል የሚባል የሞራቪያ ቄስና አሳሽ በ1898 በዘላኖች መሪነት ቤቱን አየ፤ ወደ ቪየና ተመልሶ ሲናገር የተጠራጠሩት ብዙዎች ነበሩ። በ1901 ሚሊኽ የተባለ ሠዓሊ ይዞ ተመለሰ። ሚሊኽ ሥዕሎቹን ቀዳ፣ በ1907ም ትልቅ መጽሐፍ ሆነው ታተሙ፤ ብዙ ዛሬ የጠፋ ነገር የምናውቀው በዚያ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ እንዲደምቅለት በኬሚካል አጠበው፣ ከነገሥታቱ ሥዕልም ቆርጦ ለማንሣት ሞከረ። ነጃሺን እንዲህ አድርጎ ያደበዘዘው ዘመን ብቻ አይደለም። ከዚህ ቤት የተወሰዱ ጥቂት የልስን ቁርጥራጮች ዛሬ በበርሊኑ የእስላማዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ።

በ1970ዎቹ የስፔን ባለሙያዎች ሥዕሎቹን አጽድተው አደሱ፤ እነሱ የቀቡት መከላከያ ግን ከጊዜ ብዛት ጠቆረ፣ በሥዕሉ ላይ የጨመሩት መስመርም ዋናውን ሸፈነ። ከ2010 ጀምሮ የዮርዳኖስ የቅርስ መሥሪያ ቤት ከጣሊያን ባለሙያዎችና ከዓለም ሐውልቶች ፈንድ ጋር ሆኖ ያንን በትዕግሥት እያነሣ ሳለ ነው የወሊድ ስም የተገኘው። ቤቱ ከ1985 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የምነግርሽ የጸዳውን ካልጸዳው ለይተሽ እንድታዪ ነው፤ አንዱ ሥዕል ደማቅ፣ ጎረቤቱ ቡናማ ሆኖ ካገኘሽው ምክንያቱ ይህ ነው።

10. የጠባቂዎቹን ቡና አትመልሺ።

አካባቢው የበደዊኖች አገር ነው። በትንሽ ፍንጃል፣ ሄል የበዛበት፣ ስኳር የሌለው ቡና ቢያቀርቡልሽ በቀኝ እጅሽ ተቀበዪ። ስትጨርሺ ፍንጃሉን ካላወዛወዝሽው ደግመው ይቀዱልሻል፤ በቃኝ ማለት ማወዛወዝ ነው። ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቋችኋል። "ሐበሻ ነን" ካላችሁ ነጃሺን የሚያነሣላችሁ ሰው አይጠፋም፤ ዐረብኛሽ ደህና ስለሆነ ጠይቂው፣ አባቶቹ ስለዚህ ቤት ምን ይሉ እንደነበር ይንገርሽ።

11. ጊዜ ከተረፋችሁ አንድ ቦታ ብቻ ጨምሩ።

ሾፌሩ በአንድ ቀን የበረሃ ቤተ መንግሥቶቹን ሁሉ ላሳያችሁ ይላል። ሐራና በመንገዳችሁ ላይ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ግርማው ከሩቅ የሚታይ፣ ውስጡ ግን ሥዕል የሌለው ግንብ ነው። አዝራቅ ደግሞ ከአምራ አልፎ ነው፤ በጥቁር ድንጋይ የተሠራው ምሽጉ የድንጋይ መዝጊያው አሁንም ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሁለቱንም ለማየት ብላችሁ በአምራ የምትቆዩበትን ሰዓት አትቀንሱ። አንዱን መምረጥ ካለባችሁ አዝራቅን ምረጡ፣ ሐራናን ከመኪና ሆናችሁም ታዩታላችሁ። አንቺ በማግስቱ ሥራ ስለምትገቢ ሳይመሽ አማን እንድትደርሱ ከሾፌሩ ጋር ከጠዋቱ ተነጋገሩ።